የታጠበው ሚግ

አባዬ፣

ሰው ለሞተ አባቱ ሲጽፍ ናፍቆቱን ያስቀድማል። እኔም ናፍቀኸኛል፤ እሱን ሳልነግርህም ታውቀዋለህ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለተናደድኩ ነው። ከተለየኸን ነገ ዓመት ይሞላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ እስከ ትናንት ድረስ፣ ስላንተ አንድ ክፉ ቃል የተናገረ ሰው አልሰማሁም። እኔም ዝም ስላልኩ የተስማማሁ መሰልኩ። ዝም ስል ሰው ሁሉ የተስማማሁ ይመስለዋል። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ተጠቅመህበታልም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ወንበርህን ከመስኮቱ ሥር አንስታ ጓዳ አስገባችው፣ ከዚያ መልሳ አወጣችው፣ አሁን ልብስ ይከመርበታል። የደረጃው መብራት ከተቃጠለ ቆየ፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ በስልክ ብርሃን ነው የምንወጣው። አውሮፕላኖቹ እንደ ድሮው በሰሚት በኩል ዝቅ ብለው እየመጡ፣ ጎማቸውን አውርደው፣ ከጣሪያችን በላይ ያልፋሉ። መስኮቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እማዬ የሚወድቅ ነገር እንዳለ ለማየት ወደ መደርደሪያህ ቀና ትላለች። እኔ ለብዙ ጊዜ ቀና አላልኩም። መደርደሪያው ላይ ያሉትን የፕላስቲክ አውሮፕላኖችህን ማየት አልፈለግሁም።

አንተ ቀን ቀን ሃያ ሁለት ሠፈር ባለ ክሊኒክ ውስጥ ለሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ እጅህን ታጥበህ ትንንሽ የጦር አውሮፕላን ትሠራለህ፤ ሚግ ትሠራለህ፣ ኤፍ አምስት ትሠራለህ። ከታች ፎቅ ያለችው የበረራ አስተናጋጅ ከውጭ በካርቶን ታመጣልሃለች፤ ካርቶኑ ሲከፈት ክንፉም፣ ጅራቱም፣ ጥፍር የማታህል ጎማም በፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተንጠልጥለው ይወጣሉ። በጥርስ መሥሪያ ሞረድ ትሞርዳቸዋለህ፣ ጥርስ በምታቀልምበት ቀጭን ብሩሽ ትቀባቸዋለህ። እማዬ የጦር አውሮፕላን ቤቷ ውስጥ መኖሩን አትወድም ነበር። «በየቀኑ በጣሪያችን የሚያልፉትን የመንገደኛ አውሮፕላኖች ለምን አትሠራም?» ስትልህ «እነሱማ ሁሌ ይታጠባሉ። ምን የሚታይ ነገር አላቸው?» ትላት ነበር።

እኔ ወደ ጠረጴዛህ የመጣሁት ትምህርት ቤት ያቆምኩ ጊዜ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ሲጠራኝ ድምፄ ጨርሶ አይወጣም፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔ በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤት ተደብቄ እቆያለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት አልሄድም አልኩ። እማዬ አለቀሰች። አንተ «ትንሽ ትረፍ» አልካት። ትንሽ ያልከው ወር ሆነ፣ ከዚያ ዓመት ሆነ። አንድ ቀን እንኳ «አሁንስ አትመለሺም?» ብለህ አልጠየቅከኝም። አንተ ቤት ስትመጣ እኔ ጠረጴዛው ጋ ስለነበርኩ ደስ ይልህ ነበር። ደስታህን ነው ያስቀደምከው። እማዬ ይህን ፊት ለፊት ነግራህ ታውቃለች፤ እኔ ያን ጊዜ ካንተ ጋር ነበርኩ፤ አሁን ግን ከእሷ ጋር ነኝ።

አንድ ቀን ቀለሙ የደረቀ ሚግ ሃያ አንድ ፊቴ አስቀመጥክና «በይ አቆሽሺው» አልከኝ። የቀለድክብኝ መስሎኝ «አዲስ እኮ ነው» አልኩህ። «ችግሩ እሱ ነው» አልክ። «አዲስ ከሆነ አሻንጉሊት ነው። ሄዶ የተመለሰ መምሰል አለበት።»

ከዚያ በኋላ ቆሻሻው የእኔ ሥራ ሆነ። ጠመኔ በምላጭ እፍቃለሁ፣ የእርሳስ ዱቄትና የሻማ ጥላሸት እቀላቅልበታለሁ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አርከፈክፈዋለሁ። ከዚያ በጥጥ ከፊት ወደ ኋላ እስበዋለሁ፤ ንፋስ እንደዚያ ነውና የሚወስደው። ዘይት ከሆዱ ሥር ይንጠባጠባል፣ አብራሪው የሚረግጠው የክንፉ ሥር ቀለሙ ይላጣል፣ ከመድፉ አፍ ጀርባ ጥቁር ጭስ ይተኛል። ሰው ፊት ማውራት የማልችል ልጅ ይህን ማድረግ እችል ነበር። በሕይወቴ ሙሉ ያለ ፍርሃት የሠራሁት ነገር እሱ ብቻ ነው።

እሁድ እሁድ ላምበረት ትወስደኝ ነበር። ሰው ልጁን ኬክ ቤት ይወስዳል፤ አንተ አውቶቡስ መናኸሪያ። ረጅም መንገድ የመጣ አውቶቡስ ሲገባ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይጠብቃል፣ እኛ ከኋላ ዞረን የጭስ መውጫውን፣ ማርሚታውን፣ እናያለን። ጥላሸቱ እንዴት እየሰፋ እንደሚሄድ፣ ጭቃው የት የት እንደሚቀር፣ ሰው የሚይዘው እጀታ ቀለሙ እንዴት እንደሚያልቅ ታሳየኛለህ። አንድ ጊዜ ረዳቱ አይቶን «ጋሼ፣ ምን ጠፋብህ? በዚያ በኩል መሳፈሪያ የለም» አለህ። አንተ ትከሻዬን ይዘህ «ልጄ ቆሻሻ እያጠናች ነው። በዚህ ሥራ ከእኔ ትበልጣለች» አልከው። ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ታዲያ ይቺን መኪና ይዛት ትሂድ፣ ዓመት ታስጠናታለች» ብሎ ሳቀ።

አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከእኔ ትበልጣለች ስትል የሰማሁህ ያን ቀን ብቻ ነው። ከእኔ ሌላ የሰማህም ያ ረዳት ብቻ ነው።

ቤት ስንመለስ ግን ሌላ ሰው ትሆናለህ። የጨረስነውን ፎቶ አንስተህ፣ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትለጥፋለህ። «ጋሼ፣ ቆሻሻው ገደለን» ይሉሃል። «የዘይቱን ፍሳሽ እንዴት አመጣኸው? አስተምረን እንጂ፣ አትሰስት።» «ይሄ እጅ ይባረክ።» አንተ «አሜን» ብለህ ትጽፋለህ። አጠገብህ ተቀምጬ የጠቆረ ጣቴን በቲነር እየጠረግሁ፣ አንተ በእኔ እጅ አሜን ትላለህ። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ «እኔ መሆኔን ንገራቸዋ» አልኩህ። «ሲጠይቁሽ ትመልሻለሽ?» አልከኝ። ዝም አልኩ። «አየሽ» አልክና ነገሩ በዚያው አለቀ። እንዳላፍር አስበህ ይሆናል። ግን ምስጋናውን ስታነብ ፊትህን አይቼዋለሁ። ለእኔ ማፈር የሚጨነቅ ሰው ፊት አልነበረም።

ሌላም አለ። ዱቄቱ እንዳይለቅ ከላይ ቫርኒሽ እንቀባው ብዬህ ነበር። «ያጠቁረዋል» አልክ። «ደግሞስ ማን ይነካዋል ብለሽ ነው?»

ማን እንደነካው ልንገርህ።

ልብህ ክሊኒኩ ውስጥ፣ የሰው ጥርስ በእጅህ እንደያዝክ ቆመ። እኛ የምናውቀው ጨጓራህን እንደሚያምህ ነው፤ እንደዚያ ነበር የምትለን። የጠረጴዛህን የታችኛውን መሳቢያ «ቲነር አለበት፣ ሽታው ያሳምምሻል፣ እንዳትከፍቺው» ትለኝ ነበር፤ እኔም ከፍቼው አላውቅም። ከቀብርህ በኋላ እማዬ ስትከፍተው ከቀለም ጠርሙሶቹ ኋላ የልብ መድኃኒት አገኘች። ብዙው አልተነካም። አባዬ፣ ያ መሳቢያ ጉልበቴ ሥር ነበር። ስቀመጥ ስነሳ ጉልበቴ ይነካው ነበር።

የመሳቢያውን ነገር በልቤ ሳልጨርስ አርባህ ደረሰ። እትዬ አስካለ ቤቱን ተረከበች። እህትህን ታውቃታለህ፤ ሲከፋት ታጸዳለች። መገናኛ ያለውን የመጋረጃ ሱቋን ዘግታ መጥታ መጋረጃ አወረደች፣ ምንጣፍ አራገፈች፣ ግድግዳ ወለወለች። እኔን ለእንግዶቹ የፕላስቲክ ብርጭቆ እንድገዛ ላከችኝ። ስመለስ በረንዳው ላይ ፎጣ ተነጥፎ፣ አውሮፕላኖቹ ሁሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው፣ እንደታጠበ ሳህን ውኃቸውን ያንጠፈጥፋሉ። አጠገባቸው ያለው ሳፋ ውስጥ ግራጫ ውኃ ነበር፤ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኗል። እዚያ ውኃ ውስጥ ያለው ሥራዬ ነው።

እትዬ አስካለ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች «ነይ እይ ማሂ፣ አዲስ ሆኑልሽ። አቧራ ጨርሷቸው ነበር እኮ። ወንድሜ ቆሽሾ ሰው ፊት አይቀርብም» አለችኝ። ያሸቻቸው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው። በእኔ ብሩሽ። እማዬ «እግዜር ይስጥሽ፣ እኔማ በምን አቅሜ» አለቻት። ከዚያ ሳፋውን አንስታ ሽንት ቤት ደፋችው።

እኔ ብርጭቆዎቹን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ምን እላለሁ? ቆሻሻ ነው ያጠበችው። ቆሻሻው የእኔ ነበር ብል ሐዘኑ ራሷ ላይ ወጣ ነው የሚሉኝ። አንድ ቀን፣ ምሳ እየበላችሁም ቢሆን፣ «ይሄን የምትሠራው ልጄ ናት» ብለሃት ቢሆን እጇን አታነሳባቸውም ነበር። ስሙን ለማታውቀው ረዳት ነግረህ ለእህትህ አልነገርክም።

በማግስቱ ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። ከግሩፑ አንድ ልጅ መጥቶ መደርደሪያው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ። የሚጉን ሆድ ጎንበስ ብሎ አየና «ፎቶው ላይ እንዲህ አልነበረም» አለ። እትዬ አስካለ ከኋላው ደርሳ «ፎቶው ላይ ቆሽሾ ነው። እኔ ነኝ ያጸዳሁት» አለችው። ልጁ ሚጉን ደግሞ አየው። ከዚያ «እጅዎ ይባረክ» አላት። «አሜን» አለች። ልክ እንደ አንተ።

ያን ቀን አንተንም አጠቡህ። አንዱ ተነስቶ «ከአፉ ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም» ይላል፣ ሌላው «ሰው አስቀይሞ ያደረ ሰው አልነበረም» ይላል። ክንፍ ተጣሞ ሲደርቅብህ ወረንጦህን ግድግዳ ላይ ስትወረውር ያየሁት እኔ ነኝ። ከእማዬ ጋር ተኳርፈህ፣ እሷ ፊትህ ተቀምጣ፣ «እናትሽን ጨው አቀብዪኝ በያት» ስትለኝ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሁሉም በየተራ እያሹ አንጽተው ያወጡት ሰውዬ ጥሩ ሰው ነው። ግን አላውቀውም። ለእሱ ማልቀስ አቃተኝ፤ ሰዎቹ ደግሞ «ይቺ ልጅ እንዴት ጠንካራ ናት» አሉኝ።

አሁን ሙት ዓመትህ ሲቃረብ እትዬ አስካለ የመቃብርህን ድንጋይ አሠራች። ፎቶህ ሥር በመስታወት የሚዘጋ ትንሽ ሳጥን አለው። ሚጉ እዚያ ይገባል አለችን። «ዝናብ የማያገኘው፣ አቧራ የማያገኘው፣ ለዘላለም ንጹሕ ሆኖ ይቀመጥለታል።» እማዬ አለቀሰች፣ ጥሩ ሐሳብ ነው አለች። ለእኔ ያ ንጹሕ ሚግ መስታወት ውስጥ ሆኖ፣ እንደ ሱቅ ዕቃ ሲያብረቀርቅ ታየኝ። የምትጠላው ዓይነት ሆኖ። ሰው እየመጣ ያን እያየ አንተን ያስታውሳል። ከእኔ ደግሞ ምንም ነገር እዚያ አይኖርም።

ላምበረት ብቻዬን ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እንደማልችል ታውቃለህ፤ ሌላ ሰው ሲወርድ ጠብቄ ነው የምወርደው። መገናኛ መጨረሻው ስለሆነ ሁሉም ይወርዳል፤ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። አንድ አውቶቡስ ኋላ ቆሜ ማርሚታውን አየሁ። ማንም ምን ትፈልጊያለሽ አላለኝም፤ ቢሉኝም ምን እንደምመልስ አላውቅም ነበር። ስመለስ ሠፈራችን ላይ የሚወርድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ። በእግሬ እየተመለስኩ ሳለ አንተን በልቤ ስሰድብህ መጣሁ። አብሬህ ስለምሄድ «ወራጅ አለ» የምትለው ሁልጊዜ አንተ ነበርክ። እኔ እንድል አንድ ቀን አልጠበቅከኝም።

ሚጉን ከመደርደሪያው አውርጄ እንደገና ጀመርኩ። ጠመኔውን ፋቅሁ፣ ጥላሸቱን ቀላቀልኩ። ብሩሹን ግን ቀየርኩ። በፊት የምሠራው አንተን ለማስደሰት ስለነበር እጄ ይሳሳ ነበር፤ አሁን አልሳሳሁም። ሆዱን ዘይት በዘይት አደረግሁት። የአብራሪው መርገጫ ላይ ቀለሙን እስከ ፕላስቲኩ ድረስ ፋቅሁት። ከጭስ መውጫው ኋላ ያለውን ጥቁረት ያን አውቶቡስ አስመሰልኩት። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ሠርቼ አላውቅም።

ትናንት እትዬ አስካለ ልትወስደው መጣች። ገና ከበር ስታየው «ውይ፣ ደግሞ አቧራ ጠጣ?» አለችና የነጠላዋን ጫፍ ይዛ እጇን ዘረጋች።

«አትንኪው» አልኩ። ድምፄ እኔንም አስደነገጠኝ። እማዬ ማንኪያ እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። «አቧራ አይደለም። እኔ ነኝ የሠራሁት። ያን ጊዜ ያጠብሽውንም እኔ ነበርኩ የሠራሁት፤ ሁሉንም።»

«አንቺ?» አለች።

«እኔ።»

«ቆሻሻውን?»

«ቆሻሻውን።»

እማዬን አየቻት። እማዬ «ስታደርገው አያት ነበር» አለች ቀስ ብላ፣ «የምትጫወት እንጂ ሥራ አልመሰለኝም።» እትዬ አስካለ ነጠላዋን ለቀቀችና ወንበርህ ላይ፣ የልብሱ ክምር ላይ ተቀመጠች። ሳፋው ትዝ ያላት መሰለኝ፤ እጇን አገላብጣ አየች። «ታዲያ ወንድሜ ለምን አልነገረኝም?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አልኳት።

ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለቀሰችም። ፎቶህን ቀና ብላ አየችና «ይሄ ደነዝ» አለችህ። ከሞትክ ወዲህ ስላንተ የሰማሁት የመጀመሪያው ክፉ ቃል እሱ ነው። እማዬ ማንኪያውን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፣ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባት፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ለቀብርህም ለአርባህም ያላለቀስኩትን ለደነዙ አለቀስኩለት። እሱን አውቀዋለሁ።

እትዬ አስካለ ስትነሳ ፊቷ እንደወትሮው ሆኖ ነበር። «እኔ ነገ ዘመድ ሁሉ ‹የቆሸሸ ነገር አስቀመጡለት› ብሎ ቢያወራብኝ መልስ የለኝም» አለችኝ። «አንቺ አጠገቡ ቆመሽ ትመልሻለሽ።» እንደ አንተ «ትመልሻለሽ?» ብላ አልጠየቀችኝም።

ስለዚህ ነገ እዚያ እቆማለሁ። የሚጠይቀኝን ሁሉ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ድምፄ እምቢ ሊለኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሜ እሞክራለሁ። ከግሩፑ ያ ልጅ ከመጣ የዘይቱን ፍሳሽ እንዴት እንደማመጣው እነግረዋለሁ፤ አንተ ያልነገርካቸውን።

ገና ይቅር አላልኩህም። የትምህርት ቤቱን አልጨረስንም፣ የመሳቢያውንማ ጨርሰን የምንነሳ አይመስለኝም። ግን አስታውስሃለሁ አባዬ። ታጥበህ አይደለም። ወረንጦ ስትወረውር፣ ስትዋሸን፣ በእኔ እጅ አሜን ስትል፣ ላምበረት ላይ ትከሻዬን ይዘህ ከእኔ ትበልጣለች ስትል፣ ሁሉንም በየቦታው አድርጌ አስታውስሃለሁ።

መሳቢያህ ውስጥ፣ ከመድኃኒቱ ጎን፣ ያልተከፈተ የቫርኒሽ ጠርሙስ ነበር። ሚጉን ቀባሁት። እንዳልከው ትንሽ ጠቆር ብሏል። ግን አይለቅም።

ማሂ